እናቴ ሰላም ብላዎታለች

በኋላ እንዳትታዘቡኝ ስለ ራሴ ጥቂት ላስቀድም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ «ግድግዳው ላይ የሰው ፊት ይታየናል»፣ «ኮርኒሱ ላይ የሚራመድ አለ»፣ «ይኼ ቤት ጥላ ወጊ አለበት» ብለው የጠሩኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፣ ሄጄ ሳይ ፊት ያሉት እርጥበት ነው፣ የሚራመደው አይጥ ነው፣ ጥላ ወጊውም ብዙውን ጊዜ አከራያቸው ነው። እኔም እየሳቅኩ ፍቄ፣ ስቱኮ መትቼ፣ ቀብቼላቸው እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከመሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ሚስቴን ጠይቋት። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ሌሊት ነው የሚሆነው ትሉ ይሆናል፣ እኔን የገጠመኝ በጠራራ ቀን ነው እንዳልል ፀሐይ አልነበረም እንጂ፣ ምሳዬን በልቼ፣ አንድ መለኪያ እንኳ ሳልቀምስ ነው።

ነገሩ የሆነው በዚህ ክረምት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነው። እናቴ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ የምትኖረው አዲስ አበባ እህቴ አስቴር ጋ ነው፣ አስቴር ደግሞ ያለችው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም፣ እናቴም ተሸክመን ካስገባናት ወዲህ አንድ ዓመት ከአራት ወር መሬት አልረገጠችም። ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳትስም የማትውል ሴት አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጣ የደወል ድምፅ ስትሰማ ወደ ድምፁ ዞራ ታማትባለች። «የደብረ ብርሃኑን ሽጡና ደጁ መሬት የሆነ አንድ ቤት ግዙልኝ፣ ሳልሞት መሬት ልርገጥ» ያለችን እሷ ራሷ ናት። አስቴርም ፈልጋ ፈልጋ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንዲት ትንሽ ቤት አገኘች፣ ባለቤቲቱ ግን «እስከ ጳጉሜ እጠብቃችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ነው» አለች።

ስለዚህ በሐምሌ ሻንጣዬንና ብሩሼን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ታደለ የሚባል ደላላ አገናኙኝ፣ ታደለም ቤቱን ዞሮ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ቤቱስ ጥሩ ነው ጌታሁን፣ ግን ማን ነው በክረምት ቤት ሽጥ ያለህ? ክረምት እኮ የቤት ገመና አውጪ ነው። ሻጭ በበጋ ነው የሚሸጠው፣ ብልጥ ገዢ ደግሞ በክረምት ነው የሚያየው።»

«ገመናውን ለእኔ ተወው» አልኩት፣ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ገመና ስሸፍን የኖርኩ እኔ የእናቴን ቤት ገመና መሸፈን ያቅተኛል?

ቤቱ ሁለት ነገር አለበት፣ ማለቴ እኔ የማውቃቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳሎኑ ማዕዘን ላይ ከድንጋዩ መሠረት ውሃ ይስባል፣ እሱን ፍቄ፣ ስቱኮ መትቼ፣ በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርቤ፣ ቡፌውን አምጥቼ አስጠጋሁበት። ሁለተኛው የኋለኛው ክፍል ነው፣ አባቴ እኔ ሳልወለድ የቀጠለው፣ እናቴ የምትተኛበት፣ ነሐሴ ሲጋመስ በጓሮው በር ሥር ውሃ ይገባበታል፣ እዚያም ደፉን በሲሚንቶ ከፍ አድርጌ ምንጣፍ ዘረጋሁበት። አልጋውን አውጥቼ አንድ የእንጨት ወንበር ብቻ መስኮቱ ሥር ተውኩ፣ ባዶ ክፍል ለገዢ ዓይን ቀዝቃዛ ነው፣ አንድ ወንበር ካለ ግን ሰው ራሱን ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ ይኼን ከሀብታም ቤት ነው የተማርኩት። ቀለሙ በዚያ ጉምና ዝናብ በምን ይድረቅ፣ ከሰል በማንደጃ እያቀጣጠልኩ ከክፍል ክፍል አዞርኩት፣ መስኮት ከፍቼ ነው ታዲያ፣ የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለደብረ ብርሃን ሰው አይነግሩትም።

መጀመሪያ ያየሁት ትንሽ ነገር ነው። ጠዋት ስነሳ የኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ቀለሟ ተነስቷል። መልሼ ቀባኋት፣ በማግሥቱም እዚያው ተነስታለች። አሁን እዚህ ላይ እመኑኝ፣ ሙያዬ ነው፣ ቀለም በእርጥበት ሲነሳ መጀመሪያ ይነፋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ይኼኛው ግን አልተነፋም፣ የተፋቀ ነው፣ በጥፍር ቀስ ተብሎ፣ ዳር ዳሩ ሳይበላሽ የተፋቀ፣ ዱቄቱም ወለሉ ላይ የለም። በሦስተኛው ቀን ሳሎን ሆኜ ብሩሽ ሳጥብ «ቸር… ቸር…» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ስገባ ማንም የለም፣ አይጥ ነው አልኩ። አይጥ የፋቀበትን ዱቄት አይጠርግም፣ እሱን ማሰብ ግን አልፈለግኩም።

ታደለ አንድ ደንብ አለው፣ «ሻጭ ገዢን ተከትሎ አይገባም፣ ዓይኑ ያሳብቅበታል» ይላል፣ ስለዚህ ሰው ሲመጣ እኔና እሱ በረንዳው ላይ ቆመን ዝናቡን እናያለን፣ ገዢ ብቻውን ገብቶ ዞሮ ይወጣል። መጀመሪያ የመጡት አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ፣ ባልየው ፋብሪካ የሚሠራ። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሲወጡ ልጅቷ ፈገግ አለችና፣

«ቤቱ በጣም ደስ ይላል፣ ግን የቡፌው ጀርባ ግድግዳ ውሃ ይስባል አይደል?» አለችኝ።

ያንን ቡፌ ለማስጠጋት ሦስት ጎረምሳ ነው የለመንኩት።

«ማን አለሽ?»

«እማማ ነገሩን፣ ከውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጡት። ‹የኔ ልጅ፣ አራስ ብትሆኚ እዚያ ጥግ እንዳትተኚ› አሉኝ። እናትህ ናቸው? ጨዋ ናቸው።»

እኔ ጎረቤት ገብታ ነው ብዬ ሳቅኩ። ከሄዱ በኋላ ገባሁ፣ የጓሮው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መቀርቀሪያው ላይ እኔ ያንጠባጠብኩት ቀለም ደርቆ እንዳለ ነው፣ ተከፍቶ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። ግራ ገባኝ፣ ግን ግራ መግባት ሥራ አያስፈታም፣ ከሰሌን ገፋሁ።

በሳምንቱ ከአረርቲ አንድ ሐጂ መጡ፣ የጤፍ ነጋዴ ናቸው፣ ልጆቻቸው እዚህ ስለሚማሩ ቤት ይፈልጋሉ። እሳቸውም ብቻቸውን ገብተው ወጡ፣ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ፣

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «ነሐሴ ላይ በጓሮው በር ሥር ውሃ ይገባል መሰለኝ፣ እሱን ምን አስባችኋል?»

ታደለን አየሁት፣ ታደለ ዝናቡን ያያል።

«ሐጂ፣ ማን ነገረዎት?»

«ሴትዮዋ ናት እንጂ፣ አላህ ይስጣት፣ እንዲህ ያለች እውነተኛ ሻጭ አይቼ አላውቅም።»

«ምን ትመስላለች?»

«የሰው ሴት ፊት ምን ብዬ አያለሁ ልጄ?» ብለው ተቆጡኝ። «መሬት መሬት እያየሁ ነው የሰማኋት።»

ያን ቀን ከታደለ ጋር ተጣላን፣ ዋጋ ለማስወረድ አንተ ነህ ሰው አስገብተህ የምታስወራው ብዬ አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝ፣ እሱም በሥላሴ ማለ፣ ከመሐላው በላይ ያሳመነኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፣ «ኮሚሽኑን የሚጠላ ደላላ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ታዲያ ምንድን ነው? ከሰል አዙሮኝ ነው እንዳልል እኔ ምንም አላየሁም፣ የሚያዩት ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳቡ የሚመጡት ናቸው። እብድ ሆኜም ቢሆን ሌላው ሰው ለምን በእኔ እብደት ያያል? ሌሊቱን ሳስብ አድሬ አንድ መላ መጣልኝ፣ የሚቀጥለው ገዢ ሲመጣ እኔ ራሴ ያ ክፍል ውስጥ እቀመጣለሁ፣ የምትመጣ ካለች ትምጣ።

ቀጥሎ የመጡት ከአንኮበር አንድ ቄስና ባለቤታቸው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ልጃቸው አጠገብ ለመሆን ቤት የሚፈልጉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ቄሱ ከታደለ ጋር ጣሪያውን ሊያዩ ጓሮ ዞሩ፣ እኔ የኋለኛው ክፍል ውስጥ የቀለም ጣሳ ገልብጬ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ ወንበሩ ማዶ መስኮቱ ሥር ባዶውን ነው። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው ገቡ።

«እንደምን ዋላችሁ?» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ብድግ አልኩ። ሴትዮዋ ግን እኔን አላዩኝም፣ ወደ ወንበሩ እጃቸውን ዘርግተው ፈጠን አሉ።

«ኧረ በማርያም አይነሱ! ኧረ አይነሱብኝ!»

ወንበሩም ሲጢጥ አለ። እንጨቱ፣ ሰው ሊነሳበት ወገቡን ሲያቃና እንደሚለው፣ ከዚያም ተመልሶ ሲቀመጥ እንደሚለው። ሰማሁት፣ እመኑኝ፣ በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ሴትዮዋ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብለው ማዳመጥ ጀመሩ። «እህ… እህ… እውነትዎን ነው… ውይ!» አሉና ድንገት ወደ እግራቸው አይተው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔ ግድግዳውን ይዣለሁ፣ የምሰማው ዝናቡንና የእሳቸውን «እህ» ብቻ ነው።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኚህ እናት የሚሉት እውነት ነው? ከዚህ ወለል ሥር የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ አለ?»

«የትኛዋ እናት?» አልኩ።

አንዴ ወንበሩን አንዴ እኔን አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ። የፈሩ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ አዘኑብኝ እንጂ። «እናትህን እፊቷ ቆመህ እንዲህ ትላለህ? ነውር አይደለም?» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ፣ ቤቱንም ሳያዩት ሄዱ።

ሲሄዱ ምንጣፉን ገለብኩና በመዶሻ እጀታ ሊሾውን መታሁት። ጥጉ ላይ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ መሀል ላይ ግን ከበሮ ነው። ሳላስበው መሮ አመጣሁ፣ ጥቂት እንደ ፈለፈልኩ መሮው ጠልቆ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ከቀዳዳው ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። ሚስማር በሲባጎ አስሬ ላክሁት፣ ሲባጎው አለቀ፣ ሚስማሩ ግን መሬት አልነካም። ያ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ የልጆች መኝታ አደርገዋለሁ ያለው ይኼን ክፍል ነው፣ ጣሳው ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው ለአስቴር ደውዬ እናቴን አገናኚኝ አልኳት።

«እማዬ፣ ከኋለኛው ክፍል ሥር ጉድጓድ አለ እንዴ?»

«ማን ነገረህ?»

«አለ ወይስ የለም?»

«አባትህ ክፍሉን ሲቀጥል በግንድና በቆርቆሮ ከድኖ ሊሾ አፈሰሰበት፣ ድንጋይ ሙላበት ስለው ነገ ነገ ሲል ሞተ። ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«አንቺ እኮ ስትተኚበት ነው የኖርሽው!»

«አልጋዬ ጥግ ነበር» አለች፣ በቃ፣ ነገሩ ለእሷ እዚያ ላይ አለቀ። «ማን ነገረህ ነው የምልህ?»

«አንዲት ሴት አለች» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስነግራት የእኔው አፍ እንግዳ ሆነብኝ። እናቴ አልደነገጠችም።

«የማን ልጅ ናት?»

«እማዬ! አላየኋትም እኮ ነው የምልሽ።»

«እኔም አላውቃትም። ግን ጨዋ ሴት ናት፣ የማታውቀው ሰው ልጅ ጉድጓድ እንዳይገባ የምታስብ። ከመጣች ሰላም በልልኝ።»

ሰላምታ አደራ ነው፣ በእኛ ዘንድ ሰላም በልልኝ የተባለ ሰው ሳያደርስ አይተኛም። ስልኩን ዘጋሁ። እንደ ሞኝ አፈርኩ፣ ደግሞም ፈራሁ፣ ደግሞም የእናቴን ቃል መዋጥ ከበደኝ። አንቺ ልበል እርስዎ ልበል ስል ቆይቼ በመጨረሻ በሩ ላይ ሆኜ ወደ ወንበሩ፣ «እናቴ ሰላም ብላዎታለች» አልኩ። አፌ አያርፍም መቼም፣ «መጥታ ብታገኝዎት ደስ ይላት ነበር፣ ግን አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ የሚያወርዳት ሰው አጥታ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ለምን እንደ ጨመርኩት ዛሬም አላውቅም፣ ያን ቀን እንደ ቀልድም እንደ ጸሎትም ነበር።

በማግሥቱ ግድግዳው ደህና አደረ። በሦስተኛውም ቀን ደህና። ቸር ቸሩም ጠፋ፣ ቤቱ ሰው ወጥቶ እንደ ሄደበት ባዶ ሆነብኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም ቅር አለኝ። እኔም ውሸቱ በቃኝ፣ ቡፌውን አስነስቼ የሚስበውን ግድግዳ ገልጬ ተውኩት፣ ሊሾውን አፍርሼ ስምንት ጋሪ ድንጋይ ጉድጓዱ ውስጥ አስገለበጥኩ፣ ታደለንም «ለሚመጣው ሁሉ ሁሉንም ንገር» አልኩት። «አንተ ሰውዬ ደህና ነህ?» አለኝ፣ ግን ነገረ። የሚገርመው ሐጂ ይኼን ሰምተው ተመለሱ፣ ዞረው አዩ፣ ድንጋዩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉ።

«ሴትዮዋስ የት ሄደች?»

«ዛሬ የለችም» አልኩ፣ ምን ልበል?

«ሰላም በላት። ገመናው የተነገረለት ቤት ይሻለኛል፣ ኢንሻአላህ ወስጄዋለሁ» ብለው እጄን መቱ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ እናቴ መሬት ልትረግጥ ነው ብዬ እንባዬ መጣ፣ ለአስቴር ልደውል ስልኬን ሳወጣ እሷ ቀድማ ደወለች። እያለቀሰች ነው።

«ጌቱ፣ እማዬ ቤት ውስጥ የለችም!»

ከሥራ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ምርኩዟ አልጋው አጠገብ ቆሟል፣ እናቴ የለችም። ያቺ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት በሁለት ሰው የምትሄድ እናቴ። ጎረቤት ሁሉ ፈልጎ ማምሻውን ያገኟት ደወሉ በረንዳ ላይ የሚሰማት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን እርጥብ ሣር ላይ ዘርግታ ትስቃለች። የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ ስትወጣ አይቷት ነበር፣ ብቻዋን ናት ይላል፣ ቀኝ እጇን ግን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ሰው የያዘው አስመስላ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እያለች ወረደች፣ «የእግር መልመጃ መስሎኝ ተውኳት» ይላል።

በማግሥቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ፊቷ በርቷል፣ እህል በልታለች፣ እንዲህ ሆና ካየኋት ቆይቷል።

«ማን ነው ያወረደሽ እማዬ?»

«እሷ ናታ። ሰላምታሽ ደርሶኛል አለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። አዲሷን ቤት ገዝተናል፣ ባለቤቲቱ ለቃ እስክትወጣ ነው የምንጠብቀው፣ እናቴ ግን ስለ ቤቱ ስንነግራት እንደ ድሮው አትጠይቅም፣ መስኮቱ ስንት ነው፣ ደጁ ስንት እርምጃ ነው አትልም። ጠዋት ተነስታ ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ትናንት አጠገቧ ተንበርክኬ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረን፣ ደጅሽ መሬት ሊሆን ነው፣ ወዴት ልትሄጂ ነው የለበስሽው?» አልኳት።

«እሱ ይቆያችሁ» አለችኝ ራሴን እየዳበሰች። «በሚቀጥለው ራቅ ወዳለ ቦታ እወስድሻለሁ ብላኛለች።»

«የት?»

«አልጠየቅኳትም። እሷ እንደሆን አትዋሽም፣ ምን አስጠየቀኝ?»

አስቴር ቁልፉን ቀሚሷ ውስጥ ሰፍታዋለች፣ እኔም ሥራ ትቼ በሩን ደግፌ ነው የምውለው፣ እናቴም ሁለታችንን ስታየን ትንሽ ትስቅና ነጠላዋን ታስተካክላለች።